በመኪናዋ ሆድ ሥር ያለው ቢጫ ምልክት

ኖሪስ ታላንት ሰው ፊት መናገር የማይሆንለት ሰው ነበር። ዕድሜውን የጨረሰው እንግሊዝ አገር፣ ዎርስተር ከተማ፣ አውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ፣ ከመለዋወጫ ክፍሉ የሽቦ መስኮት ኋላ ቆሞ ለመካኒኮች ቡሎንና ዳዶ ሲያቀብል ነው። እነሱ የሚፈልጉትን ይጠራሉ፣ እሱ ያቀብላል፣ አለቀ። ስሙን እንኳ የማያውቁት ነበሩ። “መስኮት” ይሉታል። መስኮት፣ የፍሬን ሸራ ስጠኝ። እሱም አቤት ብሎ ይሰጣል። ደስ ብሎት አይደለም፤ ግን ምን ይበል፣ መልሱ የሚመጣለት ሁልጊዜ ሰውዬው ከሄደ በኋላ ነው።

ቤቱ ሲገባ ግን ሌላ ነገር ነበረው። ከቤቱ ጎን ባለችው ጠባብ ጋራዥ ውስጥ አንዲት አረንጓዴ፣ ጣሪያዋ የሚገለጥ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ መኪና አለችው። ቴልማን ከማግባቱ በፊት የገዛት ናት። ቴልማ ነገር ሲያምራት፣ እኔኮ ሁለተኛ ሚስት ነኝ ትላለች።

እነዚህ መኪኖች ከአንድ ፋብሪካ ቢወጡም አንድ ዓይነት አልነበሩም። ኮቨንትሪ ከተማ የነበረው ፋብሪካ መብራቱን ከአንዱ፣ ክላክሱን ከሌላው፣ የመስታወት ማጠቢያውን የውኃ ጠርሙስ ደግሞ ከሌላ ቦታ ነበር የሚገዛው። አንዱ ዕቃ ሲያልቅ ሠራተኞቹ ሥራ አያቆሙም፤ ከሳጥኑ ውስጥ እጃቸው የገባውን አንስተው ይገጥማሉ። ስለዚህ በአንድ ጠዋት ከወጡ ሁለት መኪኖች አንዷ ክብ ፍሬቻ፣ አንዷ ጠፍጣፋ ፍሬቻ ይዛ ትወጣለች። ያኔ ነገሬ ያለው ሰው አልነበረም። ፋብሪካው ተዘግቶ ዓመታት ካለፉ በኋላ ግን ያቺን መኪና የሚወዱ ሰዎች ማኅበር አቋቋሙ፣ ሽበታም ሽማግሌዎችም ቢራቸውን አስቀምጠው ስለ ክብና ስለ ጠፍጣፋ ይጣሉ ጀመር። በየነሐሴው ፐርሾር አጠገብ ባለ ሜዳ ላይ ተሰብስበው ዋንጫ ይሰጣሉ። ዋንጫው ለቆንጆዋ አይደለም፤ ከፋብሪካው በር እንደወጣች ላለችው ነው። ከሚገባው በላይ የሚያብረቀርቅ ቡሎን እንኳ ነጥብ ያስቀንሳል።

ኖሪስ ሰው የሆነው እዚህ ማኅበር ውስጥ ነው። የትኛዋ መኪና የትኛውን ዕቃ ይዛ እንደወጣች ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ዋንጫውን አንድም ጊዜ አግኝቶ አያውቅም፣ እሱም ቢሆን አላሳሰበውም። እሱን ያኖረው ሌላ ነገር ነው። እሑድ እሑድ ከምሳ በኋላ ስልክ ይደወላል። የደወለው ሰው ወይ ከካርዲፍ ነው ወይ ከሊድስ ከተማ። ሚስተር ታላንት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የኔዋ የኮፋኖ ድጋፍ በግራ ነው በቀኝ፣ ይለዋል። ኖሪስ ኮሪደሩ ላይ በነጠላ ጫማው እንደቆመ፣ ድምፁ ሳይንቀጠቀጥ፣ ሳይቸኩል ያስረዳል። ቴልማ ሳህን እያጠበች ትሰማዋለች። ይሄን ሰውዬ ነው እንዴ ያገባሁት፣ ብላ አንዳንዴ ትገረማለች።

ታዲያ ክላይቭ ፒንፎልድ መጣ።

ክላይቭ ምንጣፍ ሻጭ ነው፤ ቀይ ፊት፣ ትልቅ ሆድ፣ ሲስቅ ከሩቅ የሚሰማ። መኪናዋን የወረሰው ከአጎቱ ከሃሮልድ ነው። ሃሮልድ አዲስ ገዝቶ ጥቂት ዓመት ነድቷት፣ ጉልበቱ አልታዘዝ ሲለው የፕሪም ሣጥን በሚከመርበት ጎተራ ውስጥ አስገብቶ ዘጋባት። ሰው ሳይነካት፣ አንድ ቡሎን ሳይፈታባት ኖረች። ወንበሯ ላይ ዶሮ አድሮበታል፣ ቀለሟ ደብዝዟል፣ ጎማዋ ተሰነጣጥቋል። ክላይቭ በመጀመሪያው ቀን በጭነት መኪና ላይ አድርጎ ሲያመጣት ኮፋኖዋ በየት እንደሚከፈት እንኳ አያውቅም ነበር። እየሳቀ ጠየቀ። ማንም አልሳቀበትም። ሁሉም ዙሪያዋን ከቦ፣ ቤተ ክርስቲያን እንደገባ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚያያት።

እንግዲህ ኖሪስ ላይ የደረሰው ይኼ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ “ኖሪስን ጠይቁት” የሚለው ነገር ቀረ። “የፒንፎልድን ሄዳችሁ እዩ” ሆነ። ጥያቄ ያለው ሁሉ ካሜራውን ይዞ ወደ ክላይቭ ቤት ይሄዳል። ክላይቭ ጋራዡን ይከፍትለታል፣ ሻይ ያጠጣዋል፣ ራሱ ምንም ሳያውቅ ሰውየው አውቆ ይሄዳል። እሑድ ከምሳ በኋላ ቤቱ ጭር አለ። አንድ እሑድ ቴልማ፣ ስልኩ ተበላሽቶ ይሆን እንዴ፣ አለች። ኖሪስ ጋዜጣውን ገለጠ። እሷ ወደ ጓሮ ስትወጣ ግን ኮሪደሩ ላይ ሄዶ እጀታውን አንስቶ አዳመጠ። ይሠራል።

የባሰው ደግሞ ቆይቶ መጣ። የሁለቱ መኪኖች የሻንሲ ቁጥር ሲታይ ተከታታይ ሆኖ ተገኘ። የኖሪስ መኪና ከመሥመሩ እንደወጣች ቀጥላ የወጣችው የክላይቭ ናት። ማኅበርተኞቹ እንዲህ ያሉትን እህትማማቾች ይሏቸዋል፤ ሲገኙም ድግስ ነው። ጎን ለጎን አቆሟቸው። የኖሪስ ፍሬቻ ክብ ነው፣ የክላይቭ ጠፍጣፋ። ኖሪስ ደግሞ ለዘመናት፣ የኔዋ በወጣችበት ጸደይ የተሠሩት በሙሉ ክብ ናቸው፣ ሲል የኖረ ሰው ነው። በዚህ ቃል ስንቱ ጠፍጣፋውን አውልቆ ጥሎ ክብ ገጥሟል። የማኅበሩ ሰብሳቢ ባሲል፣ ጡረታ የወጣ የባንክ ሰው ነው፣ ሁለቱን መኪኖች አየት አየት አደረገና የኖሪስን ትከሻ ቸብ አድርጎ፣ አይዞህ፣ አንድ ቀን መሳሳትህ አይቀርም ነበር፣ አለው። ሰዎቹ ሳቁ። ክፉ ሳቅ አልነበረም። ቴልማም አብራ ሳቀች። ኖሪስን የቆረጠው የእሷ ሳቅ ነው።

ወደ ቤት ሲመለሱ መኪናዋን እሱ ይነዳል። ቴልማ ከጎኑ የክላይቭን ቀልድ ደግማ እያወራች ለብቻዋ በሳቅ ትፈርሳለች።

“ደስ የሚል ሰው ነው” አለች።

“ማን?”

“ፒንፎልድ ነዋ።”

“ምኑ ነው ደስ የሚለው? ክላክስና ካርቡረተር የማይለይ ሰው።”

“እኔስ መቼ ለየሁ?” አለች ቴልማ፣ “አንተ ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከኔ ጋር ኖርክ።”

ኖሪስ መሪውን ጨብጦ መንገዱን አየ። የሰው ንብረት አይመኝም፣ የሰው ቤት አያምረውም። ጎረቤቱ አዲስ አውቶሞቢል ሲገዛ ከልቡ እንኳን ደስ ያለህ ያለ ሰው ነው። ይሄኛው ግን ሌላ ነው። ይሄ ሰው ምንም ሳይለፋ፣ ምንም ሳያውቅ፣ ተኝቶ ሳለ የኖሪስን ወንበር ወሰደበት። ደግሞ መውሰዱን አያውቅም። ቢያውቅና ቢኮራ ይሻል ነበር፤ ሰው ቢያንስ ይጠላዋል።

ክላይቭ ራሱ ነው የጠራው። መጥተህ እስቲ በደንብ እያት፣ እኔ እንደሆነ ምን እንዳለኝም አላውቅም፣ አለው። ኖሪስ አልሄድም ብሎ ወስኖ ሄደ። ክላይቭ በሩን ከፈተለት፣ ክሪኩንና ማቆሚያ ብረቶቹን አቀረበለት። በኩሽናው መስኮት አንዲት አሮጊት ታይተው እጃቸውን አነሱለት። የሃሮልድ ሚስት ናቸው፣ የክላይቭ አክስት ኦድሪ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከክላይቭ ጋር ነው የሚኖሩት።

“የከበደህ ነገር ካለ አክስቴን ጠይቃት” አለ ክላይቭ። “ከመኪናዋ ጋር የኖረች እሷ ናት። ማውራት ትወዳለች ደግሞ።”

ኖሪስ፣ አያስፈልግም፣ አለ። አሮጊት ሴት ስለ መኪና ሊጠይቅ አይደለም የመጣው። ክላይቭ ደንበኛ አለብኝ ብሎ ሲሄድ ኖሪስ ኮቱን አውልቆ ሥሯ ገባ።

ጀርባው ላይ ተኝቶ ቀና ብሎ ሲያይ መጀመሪያ ያየው አሮጌ ጭቃና ዘይት ነው። ጨርቅ አውጥቶ በእርጋታ ጠረገ። ከጭቃው ሥር፣ ግሪስ በሚገባበት መገጣጠሚያ አጠገብ፣ ቢጫ ነገር ብቅ አለ። በሰም ጠመኔ የተሠራ ምልክት ነው፤ ትንሽ ቀለበት፣ ከቀለበቱ ሥር ሁለት እግር። ወደ ሌላው መገጣጠሚያ ዞረ። አለ። ወደ ኋላኛው ተሳበ። እዚያም አለ። በእያንዳንዱ ግሪስ መግቢያ አጠገብ ያው ቀለበት ከነእግሩ።

ፋብሪካ ውስጥ ተቆጣጣሪዎች ያዩትን ሁሉ በጠመኔ ይነኩ እንደነበር ያውቃል፤ በሌሎች መኪኖች ላይ ነጭም ሰማያዊም አይቷል። እንዲህ ያለ ግን ማንም አይቶ አያውቅም። ይኼ የግሪስ ሠራተኛው ፊርማ ነው፣ አለ በሆዱ። ይኼን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ክላይቭ በላይዋ ተቀምጦ ይነዳል እንጂ ሥሯ ገብቶ አያውቅም። ከኪሱ እርሳስ አወጣና ሸሚዙን ሰብስቦ ምልክቱን ክንዱ ላይ ሣለው። ሲወጣ አክስት ኦድሪ ከኩሽና ሻይ እንዲጠጣ በእጃቸው ጠሩት። ሰዓቱን እያሳየ፣ ቸኩያለሁ፣ ብሎ ሄደ።

በሚቀጥለው የማኅበር ምሽት፣ “ጥቁሩ አሳማ” መጠጥ ቤት፣ ኖሪስ ሳይጠየቅ ተነሥቶ ቆመ። ይህን ማድረጉ ራሱ ሰዉን ጸጥ አደረገ። ክላይቭ በዚያ ቀን ምንጣፍ ሊያነጥፍ ግሎስተር ሄዶ አልመጣም። ኖሪስ ስለ ቢጫው ምልክት ተናገረ። መጀመሪያ ድምፁ ቆረጥ ቆረጥ እያለ፣ ከዚያ ግን እሑድ በስልክ እንደሚያስረዳበት ድምፅ ሆነለት። ፒንፎልድ መኪና ላይ አሁንም እንዳለ ነገራቸው። ሰዎቹ አፋቸውን ከፍተው ሲሰሙት አየ። እዚያ ላይ ቢያቆም ምንም አልነበረም። ግን በመጨረሻ ሁሉም የሚያስታውሱት ነገር የፒንፎልድ መኪና ሊሆን ነው። ይሄ ታየውና አንድ ቃል ጨመረ።

“የኔም ላይ ነበር። ልጅ ሆኜ ለመጀመሪያ ጊዜ ስፈታት አይቼዋለሁ። ምን እንደሆነ ስላልገባኝ ጠረግሁት።”

ውሸት ነው። የእሱ መኪና ሆድ ሥር አንድም ቢጫ ነገር ኖሮ አያውቅም።

ባሲል ግንባሩን ይዞ ቆየና፣ ቆይ ቆይ፣ የኔም ላይ እኮ ነበር፣ አለ። አንድ ቢጫ ነገር ትዝ ይለኛል፣ ከኋላ በኩል። ከጥግ ሌላው፣ እኔ ቀለም የፈሰሰ መስሎኝ ነበር፣ አለ። ሌላው ደግሞ ወንድሜ ነው ያየው አለ። ምሽቱ ሳያልቅ ግማሹ ሰው አይቶት ነበር። ኖሪስ ፊታቸውን እያየ ደነገጠም፣ ደስ አለውም። ሁለቱ እንዴት አብረው እንደሚመጡ አላወቀም። ሲወጡ ሦስት ሰዎች በር ላይ ይዘውት፣ ምልክቱ ስንት ጣት ይሆናል፣ የቀለበቱ አፍ በየት በኩል ነው፣ እያሉ ጠየቁት። በሚቀጥለው እሑድ ስልኩ ደወለ። ምንጣፍ ሻጩን የጠቀሰ ማንም አልነበረም።

ነሐሴ ደረሰ። በትዕይንቱ ጠዋት ሜዳው ከሌሊቱ ዝናብ ረጥቦ ነበር። መኪኖቹ በሁለት ረድፍ ቆሙ። ባለቤቶቹ እንደ ልማዳቸው ከየመኪናቸው ሥር ሣሩ ላይ ትልልቅ መስታወት አነጠፉ፤ ዳኛው ሳይንበረከክ ሆዷን ማየት እንዲችል ነው። ከዳር እስከ ዳር በየመስታወቱ ውስጥ ቢጫው ቀለበት ከነእግሩ ይታያል፤ ጠፍቶብናል ያሉት ሁሉ፣ ኖሪስም ጭምር፣ በቢጫ ጠመኔ መልሰው ሥለውታል። ኖሪስ ረድፉን እየተራመደ ቁልቁል ሲያይ ደረቱ ሰፋ። ቴልማ ትንሿን ድንኳን ተክላ የአይብና የሽንኩርት ሳንድዊች እያወጣች ነበር፤ ዛሬ ቁመትህ ጨምሯል፣ አለችው።

ክላይቭ አርፍዶ መጣ። አክስቱን ከጎኑ አስቀምጧል፣ ራሳቸው ላይ ሰማያዊ ሻሽ አስረዋል። መኪናዋ ግን ታበራለች። ሰዎቹ ቆመው ቀሩ። ባሲል እጁን አፉ ላይ አደረገ።

“ምን አደረግሃት?” አለው።

“አጠብኳት” አለ ክላይቭ። “አክስቴ አጎቴ ከሞተ ወዲህ ተቀምጣባት አታውቅም። በዶሮ ኩስ ላይ ላስቀምጣት? የጎረቤቴን የውኃ መርጫ ተውሼ ከላይም ከሥርም አጠብኳት። እንዴት ያለ ጭቃ ወጣ መሰላችሁ።”

ያንን ጭቃ ሊያዩ ከስኮትላንድ ድረስ ሰዎች መጥተው ነበር። ማንም አልተቆጣውም፤ አንድ ሰው ብቻ ራቅ ብሎ ሄዶ ሲጋራ ለኮሰ። ኖሪስ ግን ያየው ሌላ ነገር ነው። ክላይቭ አንድ ሰው ያዋሰውን መስታወት ከመኪናዋ ሥር ሲያንሸራትት፣ ሆዷ እንደ ድስት ክዳን ንጹሕ ነው። አንድም ቢጫ የለም።

ባሲል ወረቀቱን ይዞ ረድፉን ዞረ። ክላይቭ መኪና ዘንድ ሲደርስ ጎንበስ አለ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ነጥብ ቀነሰ። የግሪስ ሠራተኛው ምልክት የለም፣ አለ። ክላይቭ ምን ምልክት እንደሆነ ጠየቀ። አስረዱት። ቀይ ፊቱ ይበልጥ ቀላ፤ ከዚያ ሳቀና ቀጥ ብሎ ወደ ኖሪስ መጣ።

“መጀመሪያ አንተን መጠየቅ ነበረብኝ” አለው። “አየህ፣ አንተ የምታውቀውን እኔ በውኃ አጥቤ ጣልኩት። ለሚቀጥለው ምን ላድርግ? ንገረኝና እንዳልከው አደርጋለሁ።”

ኖሪስ ይህን ቃል ስንት ወር ነው የተመኘው። ክላይቭ ፒንፎልድ ፊቱ ቆሞ፣ ንገረኝ፣ እንዲለው። አሁን ግን ቃሉ ሲመጣ አልጣመውም። እንየው፣ እንነጋገራለን፣ ብሎ ዞር አለ። ያን ጊዜ ነው አክስት ኦድሪን ያያቸው። ከዘራቸውን ይዘው በረድፉ እየሄዱ፣ እያንዳንዱ መኪና ዘንድ እየቆሙ፣ ወደ መስታወቱ ጎንበስ ይላሉ። የኖሪስ አረንጓዴ ዘንድ ሲደርሱ ቆይተው አዩ።

“የኔ ልጅ፣ ይቺ ያንተ ናት?” አሉት።

“አዎ፣ ሚስስ ፒንፎልድ።”

“የኔን ምልክት ማን አስተማራችሁ?”

ኖሪስ ምን እንደሚሉ አልገባውም። ሴትዮዋ በከዘራቸው ጫፍ ወደ ቢጫው ቀለበት አመለከቱና ድምፃቸውን ሳያነሡ ነገሩት። ልጃገረድ ሆነው ፕሪም ያሽጉ ነበር። እያንዳንዷ አሻጊ ሣጥኗ ላይ የራሷን ምልክት ታደርጋለች፤ የበሰበሰ ከተገኘ የማን እንደሆነ እንዲታወቅ። ይቺ የእሳቸው ናት፣ የፕሪም ዛፍ፣ ቀለበቱ ቅርንጫፏ፣ ሁለቱ እግር ግንዷ። በኋላ፣ ገና ጎተራ ሳትገባ፣ የሃሮልድ ጉልበት ሥሯ አላስገባ ሲለው መኪናዋን ግሪስ የሚያጠጡት እሳቸው ሆኑ። የትኛውን እንዳጠጡ የትኛውን እንዳላጠጡ ስለሚጠፋቸው፣ በጨረሱት አጠገብ ሁሉ ያቺኑ ያደርጉ ነበር።

“ይሄን ሁሉ መኪና ግን እኔ አላጠጣሁም” አሉ። እየቀለዱ ነበር። የኖሪስን ፊት ሲያዩ ቀልዱን ተዉት። “ሻይ ብትጠጣ ኖሮ እነግርህ ነበር እኮ።”

“ለክላይቭ ነግረውታል?”

“አልጠየቀኝማ። አንተ ካልፈለግህ አልነግረውም። ለኔ ምኔ ነው።”

ይህን ብለው ወደ ቴልማ ድንኳን ሄዱ። ኖሪስ ብቻውን ቀረ። ዝም ቢል ዝም ብሎ ያልፋል። ዋንጫው የእሱ ነው፣ ይሄ ነጥቡ ሳይደመር ታውቋል፤ ክላይቭም እየሳቀ ያጨበጭብለታል። ይኼ ነው ያንገበገበው። ይሄ ሰው ሲያገኝም ይስቃል፣ ሲያጣም ይስቃል። ኖሪስ እየሰረቀው ነው፣ ሌላው እንደተሰረቀ እንኳ አይሰማውም። ከዚህ ሰው ላይ የወሰደው ነገር እጁ ሲገባ ባዶ እየሆነ ነው።

ወደ ባሲል ሄደ። ባሲል ጠረጴዛው ላይ ዋንጫውን በመሐረብ እየወለወለ ነበር። ኖሪስ ቃላቱ እየተንጠባጠቡበት ነገረው። ምልክቱ የፋብሪካ እንዳልሆነ፣ የሚስስ ፒንፎልድ እንደሆነ፣ የእሱ መኪና ላይም ኖሮ እንደማያውቅ፣ አየሁ ያለው ውሸት እንደሆነ። ባሲል እስኪጨርስ ሰማው። ከዚያ በሐዘኔታ አየው።

“ኖሪስ፣ ለፒንፎልድ አዝነህ ነው። ደግ ሰው ነህ።”

“አይደለም። ውሸቴን ነው የነገርኩህ።”

“አንተ ዋሸህ እንበል” አለ ባሲል። “እኔስ? እኔ የራሴ መኪና ላይ በዓይኔ አይቻለሁ። በገዛኋት በዚያው ጸደይ። ውሸታም ነህ ልትለኝ ነው?”

ኖሪስ ዓይን ዓይኑን አየው። ባሲል እየዋሸ አልነበረም። ዓይኑ ንጹሕ ነው፤ ያልነበረውን ነገር ከልቡ አይቶታል።

“ሚስስ ፒንፎልድ ራሳቸው ነግረውኛል” አለ ኖሪስ።

“አርጅተዋል። ደግሞ እሳቸው ከመኪናዋ አይተው ለሣጥናቸው የቀዱት ቢሆንስ? አስበኸዋል?” ባሲል ዋንጫውን አነሣ። “ሂድና ኮትህን ልበስ፣ ልንጠራህ ነው።”

ኖሪስ ወደ መኪናው ተመለሰ። ኮቱን አልለበሰም። ከኋላ ሳጥኗ ጨርቅና የቤንዚን ጣሳ አወጣ፣ መስታወቱን ወደ ጎን ገፋ፣ ቴልማ ለዛሬ ብላ የተኮሰችለትን ነጭ ሱሪ እንደለበሰ እርጥብ ሣር ላይ ተኝቶ ሥሯ ገባ። የፊተኛውን ቀለበት መጥረግ ጀመረ። ከላይ ድምፅ ማጉያው ስሙን ጠራ። ጭብጨባ ተሰማ። ከዚያ ጭብጨባው ቆመ፣ እግሮች መጡና ዙሪያውን ቆሙ። አንዱ፣ ምን እያደረገ ነው ይሄ ሰው፣ አለ። የባሲል ጫማ መጣ። ኖሪስ፣ ውጣ፣ መኪናዋን እያበላሸሃት ነው፣ አለ ባሲል፤ ምልክት የሌላት መኪና ዋንጫ መውሰድ አትችልም። ኖሪስ ከሥር ሆኖ፣ አውቃለሁ፣ አለ። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም።

ዋንጫው በዚያ ዓመት ለባሲል የወንድም ልጅ ተሰጠ። የእሱ ቢጫ ቀለበቶች በጣም የተዋጣላቸው ነበሩ።

ሰዉ ወደየድንኳኑ እየተበተነ ሲሄድ አንድ ሰፊ ጀርባ ሣሩ ላይ ዘፍ አለና፣ እየተሳበ፣ እየተነፈሰ ከጎኑ ገባ። ክላይቭ ነው። ሆዱ ከሻንሲው በታች አልሄድለት ብሎ ቆየ፣ ከዚያ ገባለት። አክስቴ ነገረችኝ፣ አለ፣ ጨርቅ ስጠኝ። ለምን አደረግኸው ብሎ አልጠየቀም። ኖሪስ ሊነግረው ፈልጎ ነበር፤ እንደ ልማዱ ቃሉ አልመጣለትም። ጨርቁን ለሁለት ቀዶ ሰጠው። ክላይቭ ወደ ላይ እያየ፣ እኔኮ የአንዷንም ሆድ ከዚህ በፊት አይቼ አላውቅም፣ ይሄ ሁሉ ነገር እዚህ ነው እንዴ ያለው፣ እያለ በደስታ ያጸዳል። ሸሚዙ በዘይት ተበላሽቷል፣ ጭቃ ጆሮው ገብቷል፣ ደንታም የለው። ውጭ ቴልማና አክስት ኦድሪ ከመኪናዋ ሥር የወጡትን አራት እግሮች እያዩ ሲንከተከቱ ይሰማል።

ኖሪስ እጁን ሳያቆም ሰረቅ አድርጎ አየው። ሰው እንዴት እንዲህ ቅልል ብሎት፣ እንዲህ ሳይሳቀቅ ጭቃ ውስጥ ይተኛል። ይችን ብቻ በሰጠኝ፣ አለ በልቡ። ቅናቱ እንደሆነ አለቀቀውም፤ አሁን የቀናበት ግን ከሰውየው ሊወስደው የሚችል ነገር አልነበረም።